የማስተማሪያ ሆስፒታል፦ ሕክምናና ትምህርት በአንድ ጣሪያ ሥር

መመሪያ፦ የሚከተለው ምንባብ የአስረጂ ድርሰት ምሳሌ ነው። አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ከምን ከምን ክፍሎች እንደ ተዋቀረና እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ምንባቡን በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ቀጥሎም እርሳስ ይዛችሁ የየአንቀጹን ዋና ሐሳብ እያሰመራችሁ ድገሙት። ከዚያ በኋላ መልመጃዎቹን ሥሩ።

ምንባብ

«ሆስፒታል» የሚለውን ቃል ስንሰማ በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ የሚሳለው ሥዕል ተመሳሳይ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም፣ በተርታ የተደረደሩ አልጋዎች፣ ካርዱን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብና የመድኃኒት ሽታ ይታወሱናል። ይሁን እንጂ ሆስፒታሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። ከእነዚህ መካከል ትልቅ የመንግሥት የማስተማሪያ ሆስፒታል የሚባለው ከሌሎቹ የሚለይበት ጠባይ አለው። ይኸውም ሦስት ሥራዎችን አጣምሮ መያዙ ነው። አንደኛው ሕሙማንን ማከም፣ ሁለተኛው ሐኪሞችንና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን ማስተማር፣ ሦስተኛው ደግሞ ስለ በሽታዎች ምርምር ማካሄድ ነው። እነዚህ ሦስቱ እንደ ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ድስቱ አይቆምም። በዚህ ምንባብ በአዲስ አበባ የሚገኘውን የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን በምሳሌነት እየጠቀስን የማስተማሪያ ሆስፒታልን ተግባርና አገልግሎት እንመለከታለን።

1. የጤና አገልግሎት መሰላል

የማስተማሪያ ሆስፒታልን ጥቅም በሚገባ ለመረዳት በቅድሚያ ቦታው የት እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የአገራችን የጤና አገልግሎት ሦስት እርከኖች ባሉት መሰላል ሊመሰል ይችላል። በታችኛው እርከን ላይ ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይገኛሉ። በዕቅዱ መሠረት አንድ የገጠር ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ አገልግሎት ይሰጣል። በመካከለኛው እርከን ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ የታሰበ ጠቅላላ ሆስፒታል አለ። በላይኛው እርከን የሚገኘው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 ሚሊዮን እስከ 5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ የታቀደ ነው። ትልልቆቹ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች በዚህ በላይኛው እርከን ላይ ይመደባሉ።

አንድ ሕመምተኛ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው የሪፈር ወረቀት ይዞ ነው። ይህ ወረቀት ተራ የመግቢያ ፈቃድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በውስጡ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ምን ምርመራ እንደ ተደረገ፣ ምን መድኃኒት እንደ ተሰጠና ሕመምተኛው ለምን ወደ ላይ እንደ ተላከ ተጽፎ ይገኛል። ስለሆነም የላይኛው ሐኪም የታችኛው ሐኪም ካቆመበት ይቀጥላል። ወረቀት ሳይዝ የሚመጣ ሕመምተኛ ግን የተደረገለትን ምርመራ እንደገና ከሀ እስኪጀምርለት ድረስ ጊዜም ገንዘብም ያባክናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆነም ይህን ቅብብሎሽ ዘሎ በመሄዱ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል።

መሰላሉ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እንይ። በእናንተ ዕድሜ አካባቢና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ጉሮሯቸውን ያማቸዋል። ከጉሮሮ ሕመሞች መካከል አንዳንዶቹ የሚመጡት ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ነው። እንዲህ ያለው ሕመም በጊዜው በጤና ጣቢያ ከታየ ዋጋው እጅግ አነስተኛ በሆነ የፔኒሲሊን መድኃኒት ይድናል። «ያልፋል» ተብሎ ከተተወ፣ ወይም ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ በመወሰድ ፈንታ እንጥሉን እንዲቆረጥ ከተደረገ ግን፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ሊከተል ይችላል። በዚህ ጊዜ የሰውነት የመከላከያ ኃይል ባክቴሪያውን የሚወጋ መስሎት የራሱን መገጣጠሚያዎችና ልብ ያጠቃል። የመገጣጠሚያው እብጠት ይሽራል፤ የልብ ክዳኖች ጉዳት ግን ሊቀር ይችላል። ትኩሳቱ በተደጋገመ ቁጥርም ክዳኖቹ እየጠበቡ ወይም እያፈሰሱ ይሄዳሉ። ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ ጥቂት ርምጃ ሲራመድ ትንፋሹ የሚቆራረጥበት፣ እግሩም የሚያብጥበት ወጣት ይሆናል። አሁን የሚያስፈልገው የጤና ጣቢያ መርፌ ሳይሆን የልብ ቀዶ ሕክምና ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምሳሌ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። በመሰላሉ ግርጌ በአንድ መርፌ ሊቆም ይችል የነበረው በሽታ፣ በመሰላሉ ጫፍ ላይ ብዙ ባለሙያ፣ ውድ መሣሪያና ረጅም ወረፋ የሚጠይቅ ይሆናል። የማስተማሪያ ሆስፒታል ጥንካሬም በራሱ ግድግዳ ውስጥ ባለው ዕውቀት ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ከበታቹ ያሉት እርከኖች ሥራቸውን በሚገባ በመሥራታቸውም ጭምር ነው።

2. የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አመሠራረት

የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በአዲስ አበባ መካከል፣ በቸርችል ጎዳና አጠገብ ይገኛል። አገልግሎት የጀመረው በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲሆን በመጀመሪያ የተሰየመው በልዑል መኮንን ስም ነበር። በኋላ የተሰጠው የአሁኑ ስሙ በጠላት ወረራ ዘመን «ጥቁር አንበሳ» በሚል ስም ተደራጅተው የነበሩትን አርበኞች ያስታውሳል። የዚህ የአርበኞች ማኅበር መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም እንደ ነበሩ ልብ ይሏል።

የሕክምና ፋኩልቲው ዕድሜ ከሆስፒታሉ ይበልጣል። ፋኩልቲው የተቋቋመው በ1957 ዓ.ም. ግድም በዩኒቨርሲቲው ሥር ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። በአገር ውስጥ የነበረው ከፍተኛ የጤና ትምህርት በ1940ዎቹ የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲሆን፣ እርሱም የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ሠራተኞችን ያሠለጥን ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በሕክምና ፋኩልቲው የስፔሻሊስት ሥልጠና ተጀመረ። በ1990 ዓ.ም. ግድም ሆስፒታሉ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የዩኒቨርሲቲው ዋና የማስተማሪያ ሆስፒታል ሆነ። ዛሬ በጎንደር፣ በጅማ፣ በመቀሌ፣ በሐዋሳና በሌሎችም ከተሞች የማስተማሪያ ሆስፒታሎች አሉ። በአዲስ አበባም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሐኪሞችን ያሠለጥናል፤ በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተካሄደውም በ2008 ዓ.ም. በዚሁ ሆስፒታል ነው።

3. ሆስፒታሉ ለሕሙማን የሚሰጠው አገልግሎት

የሆስፒታሉን አገልግሎቶች በድንገተኛ ሕክምና፣ በተመላላሽ ሕክምናና በተኝቶ ሕክምና ከፍለን ልናያቸው እንችላለን።

የድንገተኛ ክፍል ቀንና ሌሊት፣ በበዓልም ሆነ በሥራ ቀን አይዘጋም። በዚህ ክፍል ያለው የተራ አጠባበቅ ከሌላው ቦታ የተለየ ነው። በዳቦ ቤት ወይም በባንክ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል። በድንገተኛ ክፍል ግን ቀድሞ የሚታየው ይበልጥ የታመመው ነው። አንድ ሠልጣኝ ነርስ ወይም ሐኪም የሕመምተኛውን ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ሙቀትና ንቃት ከተመለከተ በኋላ እንደ ሕመሙ ክብደት በቀለም ይለየዋል። ቀይ የተሰጠው ያለ አንዳች መዘግየት ሕክምና ይጀመርለታል፤ ብርቱካንማና ቢጫ ይከተላሉ፤ አረንጓዴ የተሰጠው መጠበቅ ይችላል። ስለዚህ እጁ ተሰብሮ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠ ሰው፣ በመኪና ተገጭቶ ደም እየፈሰሰው አሁን የደረሰ ሰው ቢቀድመው አድልዎ ተፈጸመ ማለት አይደለም። ይህን ያልተረዳ አስታማሚ ከሠራተኞች ጋር ይጣላል፤ የተረዳ ግን ቦታ ይለቃል።

በተመላላሽ ሕክምና የሚታዩት በቀጠሮ የሚመጡ ሕሙማን ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ እንደ ስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብና የኩላሊት ሕመም የመሳሰሉ ረጅም ክትትል የሚጠይቁ በሽታዎች ያሉባቸው ናቸው። በተኝቶ ሕክምና ደግሞ የውስጥ ደዌ፣ የቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት፣ የማሕፀንና ጽንስ፣ የአጥንት፣ የነርቭ፣ የካንሰርና ሌሎችም ክፍሎች አሉ። ሕይወታቸው በመሣሪያ እየታገዘ በየሰዓቱ ክትትል የሚያስፈልጋቸው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ይቆያሉ።

ከእነዚህ መካከል የካንሰር ሕክምናው ልዩ ታሪክ አለው። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ የተጀመረው በ1980ዎቹ ማብቂያ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ከዚህ ሆስፒታል በቀር ይህ ሕክምና የሚሰጥበት ሌላ ቦታ አልነበረም። ከሞያሌ የመጣውም፣ ከሑመራ የመጣውም፣ ከጋምቤላ የመጣውም የሚሰለፈው በአንድ በር ነበር። መሣሪያው ሲበላሽ የመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና አብሮት ይቆማል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማና በሌሎች ከተሞች የጨረር ሕክምና ማዕከሎች በመከፈታቸው ሸክሙ መከፋፈል ጀምሯል። በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ በ2001 ዓ.ም. የተከፈተው የልብ ሕክምና ማዕከልም የብዙ ሰው እጅ ያረፈበት ነው። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ ከጀመሩት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር ጋር በርካታ ኢትዮጵያውያን ከኪሳቸው አዋጥተዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ብቻውን ሆስፒታል አይሆንም። የደሙን ናሙና የሚመረምር የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከሰውነት የተቆረጠውን ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ ካንሰር መሆን አለመሆኑን የሚወስን የፓቶሎጂ ሐኪም፣ የራጅ ባለሙያ፣ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ መድኃኒት የሚያዘጋጅ ፋርማሲስት፣ አዋላጅ፣ ከሁሉም በላይ ረጅሙን ሰዓት ከሕመምተኛው አጠገብ የሚያሳልፍ ነርስ ያስፈልጋሉ። ከእነዚህ ሌላ ስማቸው የማይነሳ ብዙ ሠራተኞች አሉ። የቀዶ ሕክምና ልብስና መሣሪያ ከጀርም ነፃ የሚያደርገው ሠራተኛ አንድ ቀን ቢሳነፍ የተሳካ ቀዶ ሕክምና በቁስል መመረዝ ሊበላሽ ይችላል። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የአንዱን ካርድ ከሌላው ቢያምታታ መድኃኒቱ ለማይገባው ሰው ሊሰጥ ይችላል። ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ወጥ ቤቷ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውና በረኛው ሁሉ በሕክምናው ውስጥ ድርሻ አላቸው።

4. ሆስፒታሉ እንደ ትምህርት ቤት

ሕክምና በመጽሐፍ ብቻ የሚቀሰም ሙያ አይደለም። ስለ ልብ ድምፅ መቶ ገጽ ያነበበ ተማሪ ጆሮውን በማዳመጫው ላይ አድርጎ የታመመ ልብ እስካልሰማ ድረስ ዕውቀቱ ጎደሎ ነው። ስለዚህ የሕክምና ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰውነትን አሠራርና የበሽታን ጠባይ በክፍልና በቤተ ሙከራ ከተማረ በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ክፍሎች ይገባል። በመጨረሻው ዓመት ኢንተርን ተብሎ በኃላፊዎቹ ሥር ሆኖ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ከተመረቀ በኋላ በአንድ የሕክምና ዘርፍ ለመሠልጠን የሚመለሰው ሐኪም ሬዚደንት ይባላል። ሥልጠናውን ሲፈጽም ስፔሻሊስት ይሆናል፤ ሌሎችንም ያስተምራል።

ትምህርቱ በዋነኛነት የሚሰጠው በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ነው። ጠዋት ጠዋት ሌሊቱን ተረኛ የነበሩት ሐኪሞች የገቡትን ሕሙማን ጉዳይ ለመምህሮቻቸው ያቀርባሉ። «ይህን በሽታ ለምን ጠረጠርህ? ሌላ ሊሆን አይችልምን? ይህን መድኃኒት ለምን መረጥሽ?» እየተባሉ ይጠየቃሉ። ከዚያ በኋላ መምህሩ፣ ሬዚደንቶቹ፣ ኢንተርኖቹ፣ ተማሪዎቹና ነርሶቹ በቡድን ሆነው ከአልጋ ወደ አልጋ ይዞራሉ። አንዳንድ ሕሙማን ይህን ሕዝብ ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ «ሊማሩብኝ ነው» ብለውም ያዝናሉ። በርግጥ ነገሩ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ጉዳያቸው በብዙ ዓይኖች መታየቱና ውሳኔው በጥያቄ መፈተኑ ስሕተት እንዲቀንስ ይረዳል። በሌላ በኩል ግን ሕመምተኛው ሰው ነው፤ ገመናም ክብርም አለው። ስለዚህ ተማሪው ስሙን መናገር፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ መጋረጃውን መሳብና የሰማውን ምሥጢር መጠበቅ ይገባዋል። ሕመምተኛውም ምን እንደሚደረግለት የመጠየቅና በተማሪ መመርመርን የመቃወም መብት አለው። በትሕትና ያልተማረ ሐኪም ግማሹን ሙያ አልተማረም።

የዚህ ትምህርት ፍሬ በአዲስ አበባ ብቻ አይቀርም። በአንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል የሠለጠነ ሐኪም በወረዳ ሆስፒታል ተመድቦ ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ሕክምና ሲያዋልድ፣ ሆስፒታሉ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እየሠራ ነው ማለት ነው።

5. ሆስፒታሉ የምርምር ቦታ ስለ መሆኑ

አንድ ሐኪም አንድ ሕመምተኛን ሲያይ ስለ አንድ ሰው ያውቃል። የሺህ ሕሙማን መዝገብ ተሰብስቦ ሲጠና ግን ስለ ሕዝቡ ጤና ይታወቃል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በ2004 ዓ.ም. ግድም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ በከተማይቱ ነዋሪዎች ላይ የተገኙትን የካንሰር ዓይነቶች እየለየ ይይዛል። ከመዝገቡ እንደ ታየው በሴቶች ላይ በብዛት የሚገኙት የጡትና የማሕፀን ጫፍ ካንሰር ናቸው። እንዲህ ያለ መረጃ የትኛው በሽታ ቅድሚያ ትኩረት እንደሚያስፈልገው ያመለክታል። የማሕፀን ጫፍ ካንሰርን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከል ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። ክትባቱ በትምህርት ቤቶች የሚሰጥ በመሆኑ ምናልባት ከእናንተ መካከል የተከተባችሁ ትኖራላችሁ።

6. የሆስፒታሉ ችግሮችና የሕዝቡ ድርሻ

የማስተማሪያ ሆስፒታል ችግር የለበትም ብንል እውነቱን መሸሸግ ይሆናል። የሕሙማኑ ቁጥር ከአልጋው ቁጥር ይበልጣል። አንዳንድ መድኃኒትና የምርመራ ዕቃ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ከውጭ አገር የተገዛ መሣሪያ ሲበላሽ መለዋወጫው እስኪመጣ ይቆማል። ከገጠር የመጣ ሕመምተኛ ቀጠሮው እስኪደርስ በከተማ ውስጥ ማደሪያና ምግብ ያስፈልገዋል፤ አስታማሚውም እርሻውን ትቶ ይከርማል። ከብቱን ሸጦ የመጣ ሰው ገንዘቡ በአልጋ ኪራይ ሲያልቅበት ሕክምናውን ሳይጀምር የሚመለስበት ጊዜም አለ። ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን ብዙዎች በሽታው ከጠና በኋላ መምጣታቸው ነው። በጡቷ ላይ ትንሽ እብጠት ያየች እናት ሕመም ስለሌለው ብቻ ዝም ትላለች። ቁስል ሲሆን፣ ሲሸት፣ ጓደኛ ሲሸሽ ትመጣለች። በመጀመሪያው ወር ብትመጣ ሊድን ይችል የነበረው በሽታ በዚያን ጊዜ ማስታገሻ ብቻ የሚሰጠው ይሆናል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ሕመም ሲሰማን በቅርባችን ወዳለው ጤና ጣቢያ በጊዜ መሄድ ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ላይ ስንላክ የሪፈር ወረቀታችንንና ቀድሞ የተሰጠንን የምርመራ ውጤት ሁሉ መያዝ ነው። ሦስተኛ፣ ታማሚን ስንጠይቅ በሰዓቱ መሄድ፣ ጩኸት መቀነስና እጅ መታጠብ ነው። በእኛ አገር ታማሚ መጠየቅ ትልቅ ወግ ነው፤ ነገር ግን ሃያ ሰው በአንድ አልጋ ዙሪያ ሲቆም ለሌላው ሕመምተኛ ሁከት ይሆናል። አራተኛ፣ ደም መለገስ ነው። ደም በፋብሪካ አይሠራም፤ በመድኃኒት ቤትም አይሸጥም። በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈሳትን እናትና የመኪና አደጋ የደረሰበትን መንገደኛ የሚያድነው ከሌላ ሰው ክንድ የተቀዳ ደም ነው። አንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው በሰውነቱ ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ደም ሲኖረው በአንድ ጊዜ የሚለግሰው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው። እናንተም ዕድሜያችሁ 18 ዓመት ሲሞላና ጤንነታችሁ ሲፈቅድ በየሦስት ወሩ ልትለግሱ ትችላላችሁ። እስከዚያው ድረስ ግን ወላጆቻችሁንና ጎረቤቶቻችሁን ማስረዳት አያቅታችሁም።

በመጨረሻም ይህን አስቡ። ዛሬ በጤና ጣቢያ በር ላይ እናቱ ያዘለችው፣ ጉሮሮውን ያመመው ሕፃን በጊዜው መርፌውን ካገኘ ወደ ላይኛው ሆስፒታል ሳይላክ ያድጋል፤ በትምህርቱም ከበረታ አንድ ቀን ነጭ ጋውን ለብሶ ወደዚያው ሆስፒታል በተማሪነት ሊገባ ይችላል። የመንግሥት የማስተማሪያ ሆስፒታል የሕዝብ ገንዘብ የሠራው፣ የሕዝብ ልጆች የሚማሩበት፣ ሕዝብ የሚታከምበት ቤት ነው። ጉድለቱን ማረምም፣ ሀብቱን መጠበቅም የባለቤቱ ሥራ ነው።

መልመጃ አንድ፦ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

ሀ. የማስተማሪያ ሆስፒታል ከሌሎች ሆስፒታሎች የሚለየው በምንድን ነው?
ለ. በድንገተኛ ክፍል ቀድሞ የመጣ ሁልጊዜ ቀድሞ የማይታየው ለምንድን ነው?
ሐ. ቸል የተባለ የጉሮሮ ሕመም ወደ ልብ ሕመም የሚያደርሰውን ሂደት በቅደም ተከተል ጻፉ።
መ. ጸሐፊው «ሆስፒታሉ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እየሠራ ነው» ሲል ምን ማለቱ ነው?
ሠ. ሕመምተኛ በተማሪዎች መታየቱ ያለውን ጥቅምና ሊያስከትል የሚችለውን ቅሬታ አነጻጽሩ።

መልመጃ ሁለት፦ የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍቺ መሠረት በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

እርከን፣ ቅብብሎሽ፣ ገመና፣ አስታማሚ፣ አድልዎ፣ ማስታገሻ

መልመጃ ሦስት፦ «ስለሆነም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «በአንድ በኩል… በሌላ በኩል» እና «ይኸውም» የሚሉት አያያዥ ቃላትና ሐረጎች የሚገኙባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ከምንባቡ አውጥታችሁ፣ እያንዳንዳቸው የትኛውን ሐሳብ ከየትኛው ጋር እንዳያያዙ አስረዱ።

መልመጃ አራት፦ በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ሆስፒታል ወይም ሌላ የሕዝብ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ምረጡ። ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ፣ ከምን ክፍሎች እንደ ተዋቀረ፣ ምን ችግር እንዳለበትና ሕዝቡ ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚያስረዳ፣ ከአራት አንቀጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት አስተዋጽኦ አዘጋጁ።